ስፔስድ ሪፒቲሽን ምንድን ነው? (በቀን 50 ጊዜ መድገም አይደለም)

ባለፈው ሳምንት ቋንቋ ተማሪዎች የሚያወጉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። አንድ ወንድማችን ረዘም ያለ ምክር ለጥፏል። ፈረንሳይኛ በሦስት ወር እንዴት እንደሚለመድ ነው የሚያስረዳው። መሃል ላይ ስፔስድ ሪፒቲሽን ተጠቀሙ ይላል። ማለትም፣ አንዱን ቃል በቀን 50 ጊዜ ደጋግሙት። ከሥሩ መዓት ልብ፣ መዓት አውራ ጣት። እኔ ስልኬን አስቀምጬ ቡናዬን ለመጠጣት ሞከርኩ። አልጣመኝም።

የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም እል ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ ባብዛኛው አስጎብኚዎች ናቸው፤ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ እንግዳ ይዘው የሚሄዱ። ሁሉም ማለት ይቻላል ይህን ቃል አጣመው ይዘው ነው የሚመጡት።

ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ እንዴት እንደሚሠራ፣ መተግበሪያ እንዴት እንደሚጫን አልነግራችሁም። እሱን ሰፈር ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ያሳያችኋል። ቃሉ ላይ እንቆይ። ሁለት ቃል ነው። ሪፒቲሽን መድገም ነው። ስፔስድ አራርቆ ማለት ነው። ሰው ሁሉ መድገሙን ይዞ ይሮጣል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ማራራቁ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «አራርቆ መከለስ» እለዋለሁ። «ድግግሞሽ» ካልኩ ነገሩ ይበላሻል። እኛ ዘንድ መድገም ትልቅ ቃል ነው፤ ዳዊት እንኳ ይደገማል እንጂ ይነበባል አንልም። ግን ልብ በሉ፤ ዳዊትን የሚደግም ሰው አንዱን መዝሙር በአንድ ጠዋት 50 ጊዜ አይለውም። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። የሰኞው ሰኞ ይመለሳል።

እንግዲህ ትርጉሙ ይህ ነው። አንድን ነገር ልትረሱት በተቃረባችሁ ጊዜ፣ ሳታዩ፣ ከራሳችሁ አውጥታችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከተሳካላችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ ታርቁታላችሁ። ካልተሳካ ታቀርቡታላችሁ። አለቀ።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ጤፍ አገር። አባቴ ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ መጀመሪያ ይገምሱታል። ከዚያ ይተዉታል። ሳምንታት አልፈው ያይሙታል። ደግሞ ይተዉታል። ቀጥሎ ይሰልሱታል። ዋልካው እንደ ልባቸው ካልሆነላቸው አራተኛም አምስተኛም ያርሱታል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ለምን በአንድ ቀን አምስቴ አርሰን አንገላገልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በሬዎቹን ትገላቸዋለህ እንጂ መሬቱን አታርሰውም» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ፈረንሳይኛ ሳስተምር። በሁለት እርሻ መሃል ያለው ጊዜ ሥራ የፈታ ጊዜ አይደለም። የተገለበጠው ሣር በፀሐይ ይደርቃል። ጓሉ ዝናብ ሲነካው ይፈርሳል። ተደብቆ የነበረው የአረም ዘር ይበቅላል። ይህ የመጨረሻው ነው ዋናው። አረሙ ብቅ ካላለ ቀጣዩ እርሻ ምኑን ይገለብጠዋል?

መርሳት አረሙ ነው። ትንሽ ብቅ እንዲል መፍቀድ አለባችሁ። እዚያው በዚያው ደግማችሁ ብታርሱ ማረሻው የሚያገኘው ቅድም የገለበጠውን አፈር ነው። ለ50ኛ ጊዜ የምትሉት ቃልም እንዲሁ ነው። 49ኛው ገና አፋችሁ ላይ ነው። አፍ ላይ ያለውን መልሶ አፍ ላይ ማድረግ ምን ልፋት አለው? በሬዎቹ ግን ደክመዋል፤ ሰውየውም ብዙ የሠራ ይመስለዋል። በጣም ብታዘገዩት ደግሞ መሬቱ ጠፍ ይሆናል። እንደገና ከመገመስ ነው የምትጀምሩት።

ምሳሌዬ የሚሰበርበት ቦታ አለ። አባቴ ዘር ሲቃረብ እርሻውን ያቀራርቡት ነበር። ቃል ላይ በተቃራኒው ነው፤ እየቆየ በሄደ ቁጥር ይራራቃል። ማሳው ስለታረሰ ሳይሆን ሥር ስለያዘ ነው በሉት። አይ፣ ማሳ ሥር አይዝም። ተዉት፣ ገብቷችኋል።

ይህን እኔ ከሜዳ ተነስቼ የምለው አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሲያጠና ኖሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። 12 ክፍለ ቃላት ያሉትን ዝርዝር በአንድ ጊዜ 68 ጊዜ ደጋግሞ ያገኘውን ጥቅም፣ ለሦስት ቀን ከፋፍሎ በ38 ድግግሞሽ አገኘው። 68 እና 38! ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልፋት ለምንም ነው የፈሰሰው። የቴሌግራሙ ወንድማችን ምክር ከ1885 በፊት ያለ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ የእኔው ሙያ ሰው አለ። ፖል ፒምስለር ፈረንሳይኛ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ የጊዜ ሰሌዳ አወጣ። አዲስ ቃል ከተሰማ በኋላ ከ5 ሰከንድ፣ ከ25 ሰከንድ፣ ከ2 ደቂቃ፣ ከ10 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ5 ሰዓት፣ ከ1 ቀን፣ ከ5 ቀን፣ ከ25 ቀን፣ ከ4 ወር፣ ከ2 ዓመት በኋላ ይጠየቃል። በየደረጃው አምስት እጥፍ ገደማ እየራቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ መሣሪያው ቴፕ ነበር። ቴፕ ደግሞ እናንተ መርሳታችሁን አያውቅም።

እሱን የፈታው ኮምፒውተር ነው። ቴክኖሎጂው የጨመረልን ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱን ቃል ቀጠሮ ለየብቻ መያዝ። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖላንዳዊው ፒዮትር ቮዝኒያክ የሠራው ቀመር ቀላል ነው። መጀመሪያ ከ1 ቀን በኋላ፣ ቀጥሎ ከ6 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ባስታወሳችሁ ቁጥር ክፍተቱ በ2.5 ይባዛል። 15፣ 38፣ 94 ቀን እያለ ይሄዳል። ብትደምሩት አምስት ክለሳ 154 ቀን ይሸፍናል። አምስት ወር ማለት ነው። አንኪ የሚባለው ነፃ የካርድ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመጣ ይህንኑ ቀመር ጥቂት አሻሽሎ ነው የተነሳው። የአንድሮይዱ ስልክ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶም ይሠራል። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«እኔ 50 ጊዜ ደግሜ ነው ፈተና ያለፍኩት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነትህን ነው። ፈተናው ነገ ከሆነ ይሠራል። እንግዳ ተቀባይ ግን ፈተናው ነገ አይደለም። አስጎብኚ ዛሬ የተማራትን ቃል የሚፈልጋት ፈረንሳዊው እንግዳ ሲመጣ ነው። እሱ ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቱሪስት በቀዘቀዘ ጊዜ ከዚያም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1,350 በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ የወጣ ጥናት አለ። ከሳምንት በኋላ ለሚጠየቅ ነገር በመጀመሪያው ትምህርትና በክለሳው መሃል የሚበጀው ክፍተት 1 ቀን ገደማ ሆነ። ከዓመት በኋላ ለሚጠየቀው 3 ሳምንት ገደማ። «ስንት ጊዜ ልድገም?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ነው የምፈልገው?» በሉ።

ሌላው የሚያናድደኝ «የ300 ቀን ስትሪክ አለኝ» የሚለው ነው፤ 300 ቀን ሳላቋርጥ ከፍቻለሁ ማለቱ ነው። ስትሪክ እናንተ ስልካችሁን መክፈታችሁን ይቆጥራል። ቃሉ በቀጠሮው መምጣቱን አይደለም። በየቀኑ ማሳው ዳር ሄዶ ቆሞ መመለስም ስትሪክ ነው። ካርዱን ቶሎ ገልብጦ «አዎ፣ አውቄው ነበር» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። መልሱን አይቶ ማወቅ ማስታወስ አይደለም። ሦስት ሰከንድ አምጡ እንጂ ጎበዝ!

አሁን ያልጠየቃችሁኝን ልናገር። የመምህር በሽታ ነው።

ስም ስትይዙ ከነአርቲክሉ ያዙ፤ ከፊቱ ቆማ ወንድ ይሁን ሴት ከምትነግራችሁ ትንሽ ቃል ጋር ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ያለው ለገሃር ከየት መጣ? የባቡር ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው። አባቶቻችን ቃሉን ከነአርቲክሉ ዋጡት፤ ይኸው እስካሁን ሴትነቱ አብሮት አለ። ያ ነው ትክክለኛው አያያዝ። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ ለምትማሩ ደግሞ ይብሳል። ወተት በፈረንሳይኛ ወንድ ነው፣ «ለ ሌ»። በስፓኒሽ ሴት ነች፣ «ላ ሌቼ»። ባሕር በፈረንሳይኛ ሴት፣ «ላ ሜር»፤ በስፓኒሽ ወንድ፣ «ኤል ማር»። አንድ ተማሪዬ ለስፔን እንግዶች የጎጃም ማር እያስቀመሰ ደጋግሞ «ኤል ማር» ይላቸዋል። እነሱ ጣናን ያያሉ። ማር «ላ ሚየል» ነው ወዳጄ። የሁለቱን ቋንቋ ካርድ በአንድ ቁጭታ አትቀላቅሉ።

ካርዱን በፊደላችን አትጻፉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ እኔ ስለምጽፍ አትከተሉኝ። በስፓኒሽ «ግን» እና «ውሻ» ሁለቱም በእኛ ፊደል «ፔሮ» ናቸው። ልዩነቱ የ«ር» መጥበቅና መላላት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሎተሪ ነው! እንግሊዞች የሚሰቃዩበትን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ጆሯችን የገና በዓልን እና «ገና ነው»ን ይለያል። ፊደላችን ግን መጥበቁን አይጽፍም። በእኛ ፊደል የጻፋችሁት ዕለት ሎተሪውን ቀደዳችሁት። ፈረንሳይኛም ላይ «አንተ» እና «ሁሉ» ሁለቱም «ቱ» ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ አናባቢያቸው ግን ሌላና ሌላ ነው። ድምፅ ያለው ካርድ ተጠቀሙ።

ሌላም አለ። «ሁለተኛ ቋንቋ» ስንል ባሕር ዳር ላይ ውሸት ነው። ተማሪዬ አማርኛ አለው፣ እንግሊዝኛ አለው፣ አንዳንዱ አገውኛ አለው፣ ቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈው ግዕዝ አለው። ፈረንሳይኛው አራተኛ ሊሆን ይችላል። ከክፍል ሲወጣ መንገድ ላይ አይሰማውም። በዚህ የተነሳ ነው ክፍተቱን ማሽን የሚይዝልን። ፓሪስ ውስጥ ቢኖር ዳቦ ቤቱ ይከልስለት ነበር።

አራርቆ መከለስ የማይሠራውም አለ። አረፍተ ነገር አይሠራላችሁም። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ መጥቶ ግሽ ዓባይን አየ። ለስፔን እንግዳ ይህን መንገር የሚጣፍጥ ነው። ግን «አየ» ለማለት «ቪዮ» ነው ወይስ «ቬያ»? አንዱ ያለቀ፣ አንዱ ሲካሄድ የነበረ ኃላፊ ጊዜ ነው። ሁለቱንም ካርድ ላይ አምስት ወር ስታዩ ከርማችሁ ጀልባው ላይ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። እሱን የሚያቃናው ማውራት ነው።

አዲስ ቃል ደግሞ በልክ። በቀን 20 እያስገባችሁ ከሄዳችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቀኑ ክለሳ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ነው ሰው ተናድዶ የሚያጠፋው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ መሬት ነው። ለተማሪዎቼ አምስት እላለሁ፤ ቢበዛ ስምንት።

አንዳንድ ቃል ግን ምን ቢታረስ እሺ አይልም። አንኪ ስምንት ጊዜ የተረሳን ካርድ «አልቅት» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ደም ይመጥጣል ለማለት ነው። የእኔ አልቅት ጨው ነው። በፈረንሳይኛ «ለ ሴል»፣ በስፓኒሽ «ላ ሳል»። ሳል በመባሉ ጉንፋን ትዝ ይለኛል እንጂ ጾታው አይመጣልኝም። ትናንት ማታም «ኤል» ብዬ ሳትኩት። ነገ ጠዋት ይመለሳል።