የገንዘብ አቅም ማስረጃ ምንድን ነው? (ዘመድዎ ለጉብኝት ቪዛ ሲያመለክት)

ውጭ አገር ያለ ልጅ እናቱን ወይም እህቱን ለጥቂት ሳምንት ሊጋብዝ ሲያስብ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባንክ ውስጥ ስንት ቢኖር ይበቃል?» ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው ግን ከዚህ ጥያቄ አልፎ ባለመሄድ ነው።

የገንዘብ አቅም ማስረጃ ማለት የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ገንዘቡም ከየት እንደመጣ የሚያሳዩ ወረቀቶች በሙሉ ናቸው። የባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ወይም የጡረታ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ ወጪውን ዘመድ የሚችል ከሆነ ደግሞ የእሱ ስቴትመንትና የድጋፍ ደብዳቤ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የቪዛ ኦፊሰሩ እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ታሪኩ ይገጥም እንደሆነ ያያል።

አንድ ስቴትመንት በእሱ ዓይን እንየው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደመወዝ በወር መጨረሻ ይገባል፤ በሳምንቱ ግማሹ ለቤት ኪራይ ይወጣል፤ የተረፈው ትንሽ በትንሽ ያልቃል። ማመልከቻው ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው የደመወዙ ሠላሳ እጥፍ በአንድ ጊዜ ገቢ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡ አልተነካም። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡ ለቪዛ ተብሎ ከሰው የተወሰደ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ገንዘቡ በእርግጥ የአመልካቿ ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪና ሸጣ ወይም ውርስ ደርሷት ከሆነ፣ የሽያጭ ውሉን ወይም የውርስ ሰነዱን አያይዞ በአንድ መስመር ማስረዳት ይበቃል። ሳይብራራ የቀረ ትልቅ ገቢ ግን ከትንሽ ባላንስ የከፋ ነው።

ዘመድ ስፖንሰር ሲሆንስ? እዚህ ላይ አገሮች በጣም ይለያያሉ፤ ሰውም አንዱ አገር ሲሠራ ያየውን ለሌላው ይገለብጣል።

እንግሊዝ የሦስተኛ ወገን ድጋፍን ትቀበላለች። ሆኖም ደጋፊው ከአመልካቿ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ያለው፣ እዚያው የሚኖር ከሆነ የኢሚግሬሽን ሕግ ያልጣሰ፣ ለመርዳትም አቅሙና ፈቃዱ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ ከስቴትመንቱ ጋር የዝምድና ማስረጃና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ይሄዳሉ። ለዓመታት ሲላክ የነበረ የሐዋላ ደረሰኝ ካለ እንዳይረሳ፤ መርዳቱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ወረቀት ነው።

ጀርመን ደግሞ ጋባዡን በሕግ ታስራለች። «ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» (የግዴታ ቃል) የሚባለውን ሰነድ ጋባዡ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ፣ ገቢው ታይቶ ይፈርማል። እንግዳው እዚያ ሆኖ መንግሥት ለኑሮው ወይም ለሕክምናው ካወጣ፣ ያንን ወጪ ከፈራሚው ሊጠይቅ ይችላል፤ ግዴታውም እንግዳው አገሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ለሩቅ ዘመድ በይሉኝታ የሚፈርሙ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በደንብ አንብቡት። ለሼንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሜሪካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለጎብኚ ቪዛ የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃል አያስፈልግም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ሰው ግን አይ-134 የሚባለውን የድጋፍ ቃል ፎርም ሞልቶ፣ የልጁን ስቴትመንት ጠርዞ ኢንተርቪው ይገባና ኦፊሰሩ ወረቀቱን ሳያየው ይወጣል። ምክንያቱ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ለ) ላይ ነው፦ አመልካች ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ይቆጠራል። የልጅ ሀብት ደግሞ የእናትን መመለስ አያስረዳም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሌሎቹም አገሮች ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገውም እሱን ነው። የስፖንሰሩ ወረቀት የሚመልሰው «ማን ይከፍላል?» የሚለውን ብቻ ነው። «ትመለሳለች ወይ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው የአመልካቿ የራሷ ኑሮ ነው፦ ሥራዋ፣ ከአሠሪዋ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ቤቷ፣ ጥላቸው የምትሄደው ቤተሰቦቿ። የእናቴን ማመልከቻ ስናዘጋጅ የጡረታ ስቴትመንቷን «ይቺ ምን ትረባለች» ብለን ልንተወው ነበር። ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ግን በየወሩ፣ አንድም ሳይዘል ይገባል። ከጠረዝነው ወረቀት ሁሉ ስለ እሷ የሚናገረው እሱ ነበር፤ የቀረው ስለ እኛ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውንም ዝርዝር አድርጉት። «ሙሉ ወጪዋን እችላለሁ» ከሚል ይልቅ «ለሦስት ሳምንት እኔ ቤት ታርፋለች፤ ምግብና መጓጓዣ በእኔ ነው፤ ቲኬቷን ራሷ ትቆርጣለች» የሚል ከስቴትመንቱ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

«ስቴትመንት እናዘጋጃለን» የሚሉ ደላሎችን ግን በጭራሽ አትጠጉ። በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ ሰው ካናዳ ለ5 ዓመት፣ እንግሊዝ ለ10 ዓመት ልትከለክለው ትችላለች፤ አሜሪካ ላይ ልዩ ምሕረት ካላገኘ እገዳው የዕድሜ ልክ ነው። የሚቀጣውም ደላላው ሳይሆን ስሟ ፓስፖርቱ ላይ ያለው እናት ናት።

ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ የክልከላውን ወረቀት በጥንቃቄ አንብቡ። የሼንገን አገሮች በፎርሙ ላይ ምክንያቱን ምልክት ያደርጉበታል፤ የመተዳደሪያ ገንዘብ አለማስረዳት አንድ ሳጥን ነው፣ የመመለስ ፍላጎት ላይ ያለ ጥርጣሬ ሌላ ሳጥን። ምልክቱ ሁለተኛው ላይ ከሆነ ባላንስ ጨምሮ በድጋሚ ማመልከት የሚለውጠው ነገር የለም።