በሩ ሲዘጋ፦ ካቶሊኮች በወረርሽኝ ጊዜ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ኮሮና አለፈ፤ ያኔ የተወራው ግን አላለፈም። ሰው ሲታመም፣ ከቤት መውጣት ሲያቅተው፣ ሌላ በሽታ መጣ ሲባል ያው ክርክር ይነሳል። ግማሹ "ቤተክርስቲያን ከተዘጋ ምን እምነት አለ?" ይላል፤ ግማሹ ደግሞ "በስልኬ አስቀድሻለሁ፣ ምን ቀረብኝ?" ሁለቱም ስተዋል።

"የድሮ ቅዱሳን ቢሆኑ በር አይዘጉም ነበር።"

ይሄኛው ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1576 ወረርሽኝ የኢጣሊያዋን ከተማ ሚላኖን ሲመታ ሕዝቡ በየቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ፣ ዛሬ ቅዱስ የምንላቸው ካርሎ ቦሮሜዮ፣ ታዲያ ምን አደረጉ? መሠዊያውን ወደ መንገድ አወጡት። መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቀደሳል፣ ሰው ከመስኮቱ ሆኖ ያስቀድሳል። ደወል በቀን 7 ጊዜ ሲደወል አንዱ ከደጃፉ ያዜማል፣ ጎረቤቱ ከመስኮት ይቀበለዋል። እሳቸው ግን ቤት አልዋሉም፤ በሽተኞቹ ዘንድ ይመላለሱ ነበር።

"እሑድ ከቀረሁ ኃጢአት ነው።"

ያለ ምክንያት ከሆነ አዎ። የታመመ፣ ሕፃን የያዘ፣ በር የተዘጋበት ሰው ግን አይገደድም። የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቁጥር 1248 እንዲህ ባለ ጊዜ ለብቻም ሆነ በቤተሰብ መጸለይን ይመክራል።

"በቴሌቪዥን ማየትና መሄድ ያው ነው።"

ያው አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2020 ከማርች እስከ ሜይ በየማለዳው በሳንታ ማርታ ቤት የሚቀድሱት ቅዳሴ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ግን አፕሪል 17 ላይ ሲሰብኩ፣ ያለ ሕዝብና ያለ ምስጢራት በስክሪን ብቻ የሚኖር እምነት አደገኛ መሆኑን፣ ይህም ለክፉ ቀን እንጂ ለዘለቄታው እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። መቁረብ ያልቻለ ሰው ጌታን በመንፈስ ለመቀበል ይመኛል፣ ይለምናል፤ መንፈሳዊ ቁርባን የሚባለው ይሄ ነው። ጸጋ ያስገኛል፣ ግን የቁርባን ረሃቡን የሚያባብስ እንጂ የሚያስረሳ መሆን የለበትም።

ደግሞ አከታተላችንስ? ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ደገፍ አድርጎ፣ በአንድ እጅ ቡና እየቆሉ፣ መሐል ላይ ለገባ ቴክስት እየመለሱ "አስቀደስኩ" ማለት፣ እኔ እንጃ! ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተክርስቲያን ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ መስቀልና ሻማ ይቀመጥ፣ ነጠላ ይለበስ፣ ወንጌል ሲነበብ ይነሡ። ልጆች ከስክሪኑ ይልቅ እናትና አባታቸውን ነው የሚያዩት።

"በስልክ እናዘዛለሁ።"

ለነፍስ አባት ደውሎ መመካከር፣ ማልቀስም ይቻላል። የኃጢአት ሥርየት ግን በስልክ አይሰጥም፤ በወቅቱ ቫቲካን ውስጥ የንስሐ ጉዳዮችን ይመሩ የነበሩት ካርዲናል ማውሮ ፒያቼንሳ በ2020 መጨረሻ ላይ በግልጽ ተናግረውታል። ታዲያ ካህን ያጣ ሰው ተስፋ ይቁረጥ? በፍጹም። እግዚአብሔርን ከመውደድ ተነስቶ ከልቡ ከተጸጸተና በተቻለው ፍጥነት ሄዶ ለመናዘዝ ከቆረጠ፣ ከባዱም ኃጢአት ይሰረይለታል። ለኮሮና የተፈጠረ ማቃለያ እንዳይመስላችሁ፣ የቆየ ትምህርት ነው።

"ካህን መግባት ካልቻለ ነርሷ ትቀባዋለች።"

ማርች 2020 ላይ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ካህኑ ከበር ወይም ከስልክ ሆኖ እየጸለየ ነርሶች በሽተኛውን በቅዱስ ዘይት እንዲቀቡ ፈቅደው ነበር። ቀናት ሳይቆዩ ፈቃዱ ተነሳ። በሽተኛን የመቀባቱ ምስጢር፣ ምስጢረ ቀንዲል፣ የካህን ነው፤ ካህኑ እንዳይነካካ ጥጥ ወይም ሌላ መሣሪያ መጠቀም ይችላል፣ ውክልና መስጠት ግን አይችልም። ጥምቀት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሕፃን ሊሞት ሲል ነርሷም፣ አያቱም፣ ራሱ ያልተጠመቀ ሰውም ቢሆን ቤተክርስቲያን የምታስበውን አስቦ፣ ውኃ አፍስሶ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ካጠመቀው ተጠምቋል።

"ክትባቱን ቤተክርስቲያን ከልክላለች።"

ስንቱን አስፈራራ ይሄ ወሬ! የቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ በዲሴምበር 2020 ባወጣው ማብራሪያ፣ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ከዓመታት በፊት ከተቋረጠ ጽንስ የተወሰዱ ሕዋሳት ለምርምር ወይም ለምርት የዋሉበትን ክትባት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብሏል። በፈቃደኝነት ይሁን ሲልም፣ በሕሊናው ምክንያት አልከተብም ያለ ሰው በሽታውን ወደ ሌላው እንዳያስተላልፍ በሌላ መንገድ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሏል። ይቺን ሁለተኛዋን ክፍል ግን ሼር ያደረገ ሰው አላየሁም።