ከፍች በኋላ ስምምነትን ስለማሻሻል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ «እኛ እኮ በሽማግሌ ጨርሰነዋል» የሚለውን ቃል ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ እምነት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ፍርድ ቤት ያጸደቀው የፍች ስምምነት ከእንግዲህ አይነካም።» ይህ ለንብረት ክፍፍሉ ያደላ እውነት ነው፤ ለልጆች ግን ስህተት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ለውሳኔው ምክንያት የሆነው ሁኔታ ከተለወጠ ፍርድ ቤቱ የልጆችን አስተዳደግ የሚመለከተውን ውሳኔ እንደገና ሊያየው እንደሚችል ይደነግጋል። እኛ ክልል የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው።

«ቤቱ ዋጋው ጨምሯልና እንደገና እንካፈል።» አይሆንም። ዋጋ መጨመሩም ሆነ መጸጸት ምክንያት አይሆንም። ክፍፍሉ የተወሰነው በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰተኛ ምስክርነት ወይም በጉቦ መሆኑ በኋላ ከተደረሰበት ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 6 በር ይከፍታል፤ አቤቱታው የሚቀርበውም ነገሩ በታወቀ በአንድ ወር ውስጥ ነው።

«ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው፤ እናት ካገባች ደግሞ የአባት ነው።» የመጀመሪያው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ትዝታ ነው። ሁለተኛው የሰፈር ወሬ ነው። ዳኛ የሚመለከተው የወላጆችን ገቢና ጤና፣ የሚኖሩበትን ሁኔታ፣ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው።

«ቀለብ አልፈልግም ብዬ ስለፈረምኩ መጠየቅ አልችልም።» ትችያለሽ፣ እህቴ። ቀለቡ የልጁ ነው፤ የልጅን መብት እናት በፊርማዋ ልትተወው አትችልም።

አሁን ወደ ሽማግሌው። ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ ባለጀልባ ደንበኛ ነበረኝ። በውሳኔው መሠረት ለሁለት ልጆቹ በየወሩ 4,000 ብር ይከፍል ነበር። በኮቪድ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ የልጆቹ እናት ዘንድ ሄደ። እርሷም ችግሩን ስላየች ግማሹን እንዲከፍል ተስማማች፤ ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቆ ተለያዩ። ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ግን አልነበረም።

ሰውየው ቃሉን ጠብቆ ግማሹን ሲከፍል ቆየ። ኋላ የቤት ኪራይ ሲጨምርባት እናትየዋ በዋናው ፍርድ ላይ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈተች፤ የቀረው ግማሽ ሁሉ ውዝፍ ሆኖ መጣ። ጀልባው ታግዶ ከወደቡ ታስሮ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርፈዋል፤ ሌላው ጎንደር ገብተዋል። የቀሩት አባት «ተስማምተዋል፣ ልጄ» ከማለት በቀር የተስማሙበትን መጠን አያስታውሱም። ደንበኛዬ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል እኮ!» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የአፈጻጸም ችሎት የሚያስፈጽመው የተጻፈውን ፍርድ ነው።

የሚያናድደኝ መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። ሽማግሌ ይግባ፣ ያስማማ፤ እኔ ራሴ ደንበኞቼን ወደ ሽማግሌ እልካለሁ። ከተስማማችሁ በኋላ ግን ሁለታችሁም ፈርማችሁ ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት አቅርቡና አስመዝግቡት። ሌላው ወገን እምቢ ካለም ብቻችሁን ማመልከት ትችላላችሁ፤ የቀለብ መጠን የሚወሰነው በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ መጠኑም ሊለወጥ ይችላል።

ገቢያችሁ በወደቀበት ወር አመልክቱ፤ ዕዳው እስኪከመር አትጠብቁ። አዲስ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ የቀድሞው እንደጸና ነው፤ በገዛ እጃችሁ የምትቀንሱት ውዝፍ ሆኖ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የቀድሞውን ውሳኔ ግልባጭ፣ ገቢያችሁ መቀነሱን የሚያሳይ የግብር ወይም የባንክ ማስረጃ፣ የታመመ ካለ የሐኪም ወረቀት ያዙ። ቀለቡንም በእጅ አትስጡ፤ በባንክ አስገቡና ደረሰኙን አስቀምጡ።