በእጅ ሲነሳ የሚሠራ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚጠፋ ሰርቪስ

ራስህ የጻፍከው የማስነሻ ስክሪፕት ተርሚናል ላይ ምንም አይልም፣ ይሠራል። ማሽኑን ሪስታርት ስታደርግ ግን ሰርቪሱ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) የለም። ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ላይ የዚህ ጣጣ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪፕቱ ሳይሆን የሚነሳበት ሁኔታ ነው።

ተርሚናል ስትከፍት ሼሉ ፕሮፋይልህን ያነብልሃል፣ ፓዙን (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር) ያስተካክላል፣ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ያስቀምጥሃል። ቡት ላይ፣ ማሽኑ ሲነሳ ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ የለም። ፓዙ አጭር ነው፣ ዩዘሩም ብዙ ጊዜ አንተ አይደለህም፣ ስለዚህ አንተ ጋ በስሙ ብቻ የሚገኘው ፕሮግራም እዚያ አይገኝም፤ ስክሪፕቱም 127 (ኮማንዱ አልተገኘም) ብሎ ይወድቃል። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይሻላል። ሪስታርት ሳታደርግ መሞከር ከፈለግክ ኢኤንቪ የምትባለውን ኮማንድ ከሰረዝ አይ ጋር አስቀድምና አስነሳው፣ ከአንተ የወረሰው ነገር ሁሉ ይራገፍለታል።

ቦታውም ይለያያል። በድሮው ሲስተም ፋይቭ አሠራር ስክሪፕቶቹ ኢቲሲ ሥር ኢኒት ዲ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በኤስ እና በኬ የሚጀምሩ ሊንኮች ደግሞ ተራቸውን በቁጥር ይይዛሉ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ስክሪፕቱ ማንን እንደሚጠብቅ አናቱ ላይ ራሱ ይናገራል፣ አርሲ ኮንፍ በሚባለው የሴቲንግ ፋይል ውስጥ የስ ካልተባለለት ግን ቡት ላይ ዝም ይላል። አብዛኛው ሊነክስ ዛሬ ሰርቪሶችን ለማስነሳት በ2010 ብቅ ያለውን ሲስተምዲ ነው የሚጠቀመው፤ እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ጆርናሉ (የሲስተምዲ መዝገብ) ነው።

ጆርናሉ 217 ካለ ዩዘሩን አላገኘውም ማለት ነው። 203 ካለ ደግሞ ፋይሉን ጭራሽ ማስነሳት አልቻለም፦ የማስኬጃ ፐርሚሽን የለውም፣ ወይ በየትኛው ሼል እንደሚሠራ የምትናገረው የመጀመሪያዋ መስመር ተበላሽታለች። እዚህች መስመር ላይ እኔ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ስትጽፈው በየመስመሩ መጨረሻ የማትታይ ምልክት ትቀራለች፣ ሲስተሙም ያቺን ምልክት የስሙ አካል አድርጎ በዓለም ላይ የሌለ ሼል ሲፈልግ ይቆይና የለም ይልሃል፣ ፋይልህ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብሎ እያየኸው። ካት የምትባለውን ኮማንድ ከሰረዝ ትልቁ ኤ ጋር ብትጠራት ምልክቷን ታወጣታለች።

ሌላው በዩኒት ፋይሉ፣ ሲስተምዲ ስለ ሰርቪሱ በሚያነበው ፋይል፣ ውስጥ የሚጻፈው የታይፕ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ራሱን ወደ ጀርባ የሚልክ ሆኖ ሳለ ታይፑ ሲምፕል ከተባለ፣ ሲስተምዲ ሥራው አለቀ ብሎ የቀረውን ይገድለዋል። በተቃራኒው ፎርኪንግ ተብሎ ፕሮግራሙ ፊት ለፊት ከቆየ፣ ካልተቀየረ በቀር 90 ሴኮንድ ይጠብቅና ያኔም ይገድለዋል።

ኔትወርክ የሚፈልግ ከሆነ ኔትወርክ ታርጌት የሚባለውን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ግንኙነቱ መኖሩን የሚጠብቀው ኔትወርክ ኦንላይን የሚለው ነው።

ዩኒት ፋይሉን ነካክተህ ዴሞን ሪሎድ (ፋይሎቹን እንደገና አንብብ) ካላልክ ደግሞ የሚሠራው አሮጌው ነው። ኢነብል (ቡት ላይ ይነሳ) ማለትም እንዳትረሳ። ስታርት የሚያስነሳው ለአሁን ብቻ ነው።