ፍሬም ውስጥ ስላለችው ቢራቢሮ የሚባለውና እውነታው

ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ቢራቢሮ ያየ እንግዳ አስተያየት አያጣም። እኔ በአእምሮዬ የያዝኳት የኢንዶኔዥያዋን ሱላዌሲ ደሴት ቢራቢሮ ፓፒሊዮ ብሉሜይን ነው፦ ጥቁር ክንፍ፣ በላዩ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ መስመር፣ ከኋላ ሁለት ጅራት።

«ይሄማ ቀለም ተቀብቶ ነው!» አይደለም። አረንጓዴው ጭራሽ ቀለም አይደለም። ክንፏ እንደ ቤት ክዳን በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ላይ ደግሞ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰሉ ስርጉዶች አሉ፤ ብርሃኑን የሚያነጥሩትም እነሱ ናቸው። የሳሙና አረፋ ላይ የሚታየው ኅብረ ቀለም የቅርብ ዘመዱ ነው። ፍሬሙን ዘንበል አድርጉት፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ከሸሸ በብሩሽ የተቀባ እንዳልሆነ በዚያው ታውቃላችሁ።

«እንግዲያው አትደበዝዝም» የሚል ደግሞ ይከተላል። ትደበዝዛለች እንጂ! ጥቁሩ እኛም ፀጉር ላይ ያለን ሜላኒን ነው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከከረመች ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ትሄዳለች።

ሻጮች በጣም የሚወዷት አባባል «በራሷ ጊዜ ሞታ ነው» የምትለዋ ናት። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቡት፦ ለሳምንታት ጫካ ውስጥ ስትበር የከረመች ቢራቢሮ ክንፏ ይሸረፋል፣ ጅራቷ ይቆረጣል፣ ወፍም ይነክሳታል። ፍሬም ውስጥ ያለችው እንከን ከሌላት አብዛኛውን ጊዜ ክንፏን ዘርግታ ሳትጠግብ ተገድላለች። ይህ የሚከብደው ሰው ባይገዛ ይሻለዋል፤ ተረት እየሰማ ከሚገዛ።

«ንግዱ ሁሉ ሕገወጥ ነው» የሚሉም «ነፍሳት ናት፣ ማን ይጠይቃል» የሚሉም ተሳስተዋል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ኦሮ በሚባለው አውራጃ የምትኖረው ንግሥት አሌክሳንድራ የዓለም ትልቋ ቢራቢሮ ናት፤ የሴቷ ክንፍ ሲዘረጋ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በ1906 አልበርት ሚክ የተባለ ሰብሳቢ የመጀመሪያዋን ያወረዳት በጥይት ነው፣ አዎ፣ በጠመንጃ! ዛሬ ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እሷን ከአገር ወደ አገር መነገድ ይከለክላል። ዘመዶቿ ግን በፈቃድ ይሸጣሉ። የዚያው አገር ገበሬዎች አባጨጓሬዎቹ የሚበሉትን ሐረግ ጓሯቸው ይተክላሉ፣ ቢራቢሮዋ ራሷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከሚፈለፈለው የተወሰነውን ይሸጣሉ። ጫካውን ከመመንጠር ይልቅ ማቆየት የሚያዋጣቸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ። የት እና መቼ እንደተያዘች የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌላት ለሰብሳቢ ጌጥ ብቻ ናት።

«ጅራት ከሌላት ከፓፒሊዮ ብሉሜይ ቤተሰብ አይደለችም» የሚለውም አይሠራም፤ የዚያው ቤተሰብ የሆነችው ንግሥት አሌክሳንድራ ራሷ ጅራት የላትም። የኛዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ በብዙው የአፍሪካ ክፍል ሴቷ ጅራቷን ጥላ መራራ ቢራቢሮዎችን ትመስላለች፣ ወፍ እንዳይበላት። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ልክ እንደ ወንዱ ባለ ጅራት ሆነው የቀሩ ሴቶች አሉ።

የመጨረሻው፦ «ፍሬም ከገባች በቃ፣ ምንም አይነካትም»። ብል ይነካታል። ከሥሯ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ የጥቃቅን ጥንዚዛ እጮች እየበሏት ነው። ሙዚየሞች እንደሚያደርጉት በፕላስቲክ አሽጋችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጧት። ሥጋ ሊያወጣ ሄዶ ቢራቢሮ ያገኘ የቤት ሰው የሚለውን ግን እናንተው ቻሉት።