አሜሪካ ሆስፒታል ለመቀጠር የሚታዘዘው ድራግ ቴስት

አሜሪካ ውስጥ ነርስም ሆነ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት)፣ ፋርማሲስትም ሆነ ፅዳት፣ ሆስፒታል ያመለከተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኦፈር ከመጣለት በኋላ ስራ ሳይጀምር ድራግ ቴስት፣ ማለትም አደንዛዥ እፅ መውሰዱን የሚያሳይ የሽንት ምርመራ፣ ይታዘዝለታል። የግል ሆስፒታል ሁሉ የግድ ይመርምር የሚል የፌደራል ህግ የለም፣ ነገሩ የተስፋፋው ፕሬዝዳንት ሬገን በ1986 እ.ኤ.አ. የፌደራል መስሪያ ቤቶች ሰራተኞቻቸውን እንዲመረምሩ ካዘዘ ወዲህ ነው።

ላብ ስትሄዱ መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ጃኬትና ቦርሳ ውጪ ይቀራል፣ የሽንት ቤቱ ውሃ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል ማንም ቀድቶ እንዳይቀላቅል፣ ሽንት የምትሰጡበት እቃ ላይ ያለው ሙቀት መለኪያ ደግሞ በ4 ደቂቃ ውስጥ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ማሳየት አለበት፣ ከዛ እቃው እናንተ እያያችሁ ይታሸግና ትፈርማላችሁ። ብዙ ውሃ ጠጥቶ መሄድ አይጠቅምም፣ ሽንቱ ቀጥኗል ተብሎ እንደገና ያስጠራል።

የተለመደው ባለ 5 ፓነል (አምስት አይነት እፅ የሚለይ ምርመራ) የሚፈልገው ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒየትና ፒሲፒ (ቅዠት የሚያመጣ እፅ) ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፣ ኦፒየት የሚለው ሞርፊን፣ ኮዴይንና ሄሮይንን እንጂ ፌንታኒልን (በጣም ሀይለኛ የህመም ማስታገሻ) አይይዝም፣ ሆስፒታል ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውና የሚሰረቀው ግን እሱ ነው! ኒው ሃምፕሺር ኤክሰተር ሆስፒታል በ2012 የተጋለጠው ቴክኒሻን ፌንታኒሉን ለራሱ ወግቶ ሲሪንጁን ሳላይን (ጨዋማ ውሃ) ሞልቶ ይመልስ ነበር፣ በዚሁ መርፌ ከ30 በላይ በሽተኞችን ሄፓታይተስ ሲ (የጉበት በሽታ) አስያዘ፣ በ2013 39 ዓመት ተፈረደበት፣ ከዛ በፊት በብዙ ስቴቶች ሆስፒታል ሲሰራ ነበር። የፌደራሉ ፓነል ፌንታኒልን የጨመረው በጁላይ 2025 ነው፣ የግል ሆስፒታል ግን ራሱ ካላዘዘ ፌንታኒል አይመረመርም።

የመጀመሪያው ምርመራ ፖዘቲቭ ካለ በሌላ ረቀቅ ባለ ማሽን ይረጋገጣል፣ ከዛ ሪዛልቱን የሚገመግም ሀኪም ይደውላል። የማታውቁት ቁጥር ቢሆንም ስልኩን አንሱ፣ በሀኪም የታዘዘ አደራል (አምፌታሚን ያለበት የትኩረት መድሃኒት) ወይ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ወስዳችሁ ከሆነ ማዘዣውን የምታሳዩት ለሱ ነው፣ ካመነበት ለቀጣሪው ኔጋቲቭ ብሎ ይልካል።

ጫትን በተመለከተ፣ ባለ 5ቱ ካቲኖንን (ጫት ውስጥ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር) አይፈልግም፣ ሰፋ ያለ ፓነል ማዘዝ ግን ይቻላል፣ በፌደራል ህግ ደግሞ ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው። ማሪዋና ላይ ስቴቶቹ ይለያያሉ፣ ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ ከስራ ውጪ ለሚወሰድ ካናቢስ ብዙውን ቀጣሪ ገድባለች፣ ሜሪላንድ በ2023 ለአዋቂ ብትፈቅድም ቀጣሪ በሱ ምክንያት ኦፈሩን መሰረዝ ይችላል፣ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታሎች ደግሞ የፌደራል ስለሆኑ የስቴቱ ፈቃድ እዛ አይሰራም።