በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጌሞች ውስጥ «ስውር ታሪክ» ምንድን ነው? እንዴትስ ይነበባል?

ስውር ታሪክ የሚባለው ጌሙ በንግግርና በቪዲዮ ትዕይንት አውጥቶ የማይናገረው ታሪክ ነው። በየክፍሉ በተጣሉ ዕቃዎች፣ ኮምፒውተር ላይ በቀሩ መልእክቶች፣ በሟቾች የድምፅ ቅጂ፣ ተጫዋቹ ዓለሙን በሚያይበት በካሜራው አያያዝና በአጨዋወቱ ሕግ ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ እየለቀመ ራሱ ይገጣጥመዋል። በ2007 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ፖርታል» ጥሩ መነሻ ነው። ከፊት ያለው ታሪክ አንዲት ሴት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ትእዛዝ ከአንዱ የሙከራ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፍ ያሳያል። ከግድግዳው ሰሌዳ ጀርባ ሾልኮ የገባ ተጫዋች ግን ባዶ የምግብ ጣሳዎችና በእጅ የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎች ያገኛል። ከእሷ በፊት እዚያ ተደብቆ የኖረ ሰው እንደነበረ፣ የምትሰማው ድምፅም እንደሚዋሻት የሚገባው ያኔ ነው። አንድም ገጸ ባሕርይ ይህን ቆሞ አያስረዳም።

ሥነ ልቦናዊ ጭብጥ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይጠልቃል። ጥያቄው «ምን ተፈጸመ?» ከሚለው ወጥቶ «ይህ ሰው የሆነበትን ነገር እንዴት ተሸከመው?» ወደሚለው ይሻገራል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለዚህ የተመቸበት ምክንያት አለ፤ በሰው ውስጥ ያለውን ነገር አውጥቶ መሣሪያ ያደርገዋል። ጸጸት ማብቂያ የሌለው የጊዜ ዑደት ይሆናል፣ እውነታን መካድ ሰው ነኝ ብሎ የሚምል ሮቦት ይሆናል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ብዙ አንባቢ ምሳሌያዊ ትርጉሙ ላይ ለመድረስ ሲቸኩል፣ በዚያ ዓለም ውስጥ መሣሪያው በእውን የሚሠራ መሣሪያ መሆኑን ይረሳል። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም፦ መጀመሪያ በቁሙ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ። ከሁሉም ትርጓሜ የሚጠነክረውም የተጫዋቹ እጅ ሲሠራው የቆየውን ሥራ ማስረዳት የሚችለው ነው።

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በኋላ የ«ዴድ ስፔስ»፣ የ«ሶማ»፣ የ«ማስ ኢፌክት 3»፣ የ«ሪተርናል» እና የ«ሲግናሊስ» ምስጢሮች ይገለጣሉ።

ጠንካራ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት በ2008 ከወጣው «ዴድ ስፔስ» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መሐንዲሱ አይዛክ ክላርክ «ኢሺሙራ» ወደተባለችው የማዕድን መርከብ ሲሄድ ፍቅረኛው ኒኮል እዚያ በሐኪምነት ታገለግላለች። መጀመሪያ ላይ የምትታየው የቪዲዮ መልእክቷ መሐል ላይ ይቋረጣል። በጨዋታው ሂደት ኒኮል ብቅ እያለች ታነጋግረዋለች፣ ትረዳዋለችም። መጨረሻ ላይ የቪዲዮው ቀሪ ክፍል ሲከፈት አይዛክ ከመድረሱ በፊት ራሷን እንዳጠፋች ይታወቃል። ጌሙ ግን ይህን ከመጀመሪያው ነግሮናል። የ12ቱን ምዕራፎች ርእስ በእንግሊዝኛ አሰልፎ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ለሚያነብ፣ «ኒኮል ሞታለች» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ይህ ማስረጃ የማይነቃነቀው በሦስት ምክንያት ነው። ከ12ቱ ፊደላት የተረፈ ወይም የጎደለ የለም፤ ከመጨረሻው ትዕይንት ጋር ይገጥማል፤ ደግሞም የጌሙን ፋይል ሳይበረብር ማንም ተጫዋች ሊያየው ይችላል። አይዛክ ዓይኑ እያየ የማይቀበለውን ነገር ተጫዋቹም በየምዕራፉ መግቢያ እያነበበ ያልፈዋል። እውነታን መካዱን ሁለቱ አብረው ይኖሩታል ማለት ነው፤ ከፊደል ጨዋታው ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ይህ ነው።

«ሶማ» ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ይገባል። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ስቱዲዮ በመስከረም 2015 ያወጣው ይህ ጌም፣ በቁሙ ሲነገር ታሪኩ አጭር ነው። ሳይመን ጃሬት በመኪና አደጋ አእምሮው ተጎድቷል። በ2015 ቶሮንቶ ውስጥ ለሕክምና ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ አእምሮው ስካን ይደረጋል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ግን «ፓቶስ ሁለት» በተባለ የውቅያኖስ ወለል ጣቢያ ውስጥ ነው፣ ዓመቱም 2104። የምድርን ገጽ ጅራታም ኮከብ አጥፍቶታል። ካትሪን ቹን የምትባል ሳይንቲስት፣ እሷም አሁን የአእምሮ ቅጂ ብቻ የሆነች፣ የሰዎችን ቅጂ የያዘውን «አርክ» የተባለ ሳጥን ወደ ጠፈር እንዲያስወነጭፍ ትመራዋለች።

ስውሩ ነገር ያለው ካሜራው ላይ ነው። ሳይመን ሦስት ጊዜ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሦስቱም ጊዜ የሚደረገው ያው አንድ ነገር፣ መቀዳት ነው። ቶሮንቶ ላይ ካሜራው ቅጂውን ተከትሎ ሄደ፤ እኛም «ተኝቼ ነቃሁ» ብለን አለፍነው። ኦሚክሮን በተባለው ክፍል ወደ ጥልቁ የሚያስወርደው ጠንካራ ልብስ ስላስፈለገ ዳግም ተቀዳ፤ ካሜራው አሁንም አዲሱን አካል ተከተለ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ነገር ይሰማል፦ ከተነሣንበት ወንበር ላይ የራሳችን ድምፅ ምን እንደተፈጠረ ይጠይቃል። የቀድሞው ሳይመን እዚያው ቀርቷል፤ ባትሪውን ማፍሰስ ወይም እንዳለ ትቶ መሄድ ለተጫዋቹ ተትቷል። በሦስተኛው፣ አርክ ሲወነጨፍ፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም። ሳይመን ጨለማ ውስጥ ቀርቶ ይጮኻል። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አልፎ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያው ሳይመን አርክ ላይ ብርሃን ውስጥ ይነቃል።

ካትሪን በንዴት የምትሰጠው ማብራሪያ የሳንቲም ዕጣ ነው፤ ዕጣው አልወጣልህም ትለዋለች። እዚህ ላይ ብዙ ተንታኝ ይሳሳታል፤ ቃሏን የጌሙ ቃል አድርጎ ይወስደዋል። የታየውን ብናስቀድም ዕጣ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ሁልጊዜ ይነቃሉ፣ ሁለቱም ሳይመን ነኝ ይላሉ። ዕጣ ያስመሰለው ካሜራው ሁለት ጊዜ ወደ አዲሱ መሄዱ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በአጨዋወት ልማድ «እኔ ማለት ካሜራው ያለበት ነው» ብሎ አምኗል፤ ሳይመንም ያመነው ይህንኑ ነው። ጣቢያው ውስጥ ማርክ ሳራንግ የተባለውን ሰው ሐሳብ የተቀበሉ ሠራተኞች ከተቀዱ በኋላ ወዲያው ራሳቸውን ያጠፉት በዚሁ እምነት ነው፦ አሮጌው ቶሎ ከሞተ አዲሱ እኔ ይሆናል ብለው። ይህን የምናውቀው ከተተዉ ማስታወሻዎችና ከድምፅ ቅጂዎች ነው፤ ሳያነብ ያለፈ ተጫዋች የመጨረሻውን ትዕይንት እንደ ድንገተኛ ክፋት ብቻ ያየዋል።

ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ ካርል የሚባል ሮቦት ወለል ላይ ወድቆ ሰው ነኝ፣ ተጎድቻለሁ ይላል። ሳይመን ሮቦት መሆኑን ሊነግረው ይሞክራል፤ ካርል አይሰማም። ተጫዋቹ ለካርል ያዝናል። ሳይመን ራሱ ከዚያ የተለየ እንዳልሆነ፣ የሞተ ሰው አካል በያዘ የጠላቂ ልብስ ላይ የተገጠመ ቅጂ እንደሆነ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። በሁለተኛ ዙር ሲጫወቱት የካርል ትዕይንት ያማል።

ከሁሉም በላይ ግን ብራንደን ዋን የሚባለውን ሰው እዩት። ጣቢያ ቴታ ላይ አንድ የደኅንነት ኮድ ስለሚያስፈልግ የሞተው የብራንደን የአእምሮ ቅጂ በኮምፒውተር በተሠራ ትዕይንት ውስጥ ይነሣና ይጠየቃል። ሲደነግጥ፣ ነገሩ እውነት እንዳልሆነ ሲገባው፣ ሙከራው ይቋረጣል። ተጫዋቹ መቼቱን ይቀያይርና እንደገና ያስነሣዋል። እንደገና። ኮዱ እስኪገኝ ድረስ አንድን ሰው እየቀሰቀስን እያጠፋን መሆኑን አናስበውም፤ እንቆቅልሽ ፈቺ እጃችን ሥራውን ይቀጥላል። በእኔ እምነት የጌሙ ሥነ ልቦናዊ እምብርት ይህ ነው፤ ከማንም ገጸ ባሕርይ ንግግር ይልቅ ይህ ሥራ ይናገራል።

ይህን ዓይነት ንባብ በራስ ለመሥራት የመጀመሪያውን ዙር ያለ ማስታወሻ መጫወት ይሻላል፤ መደንገጥና መታለል የማስረጃው አካል ናቸው። በሁለተኛው ዙር ንግግሩን በጽሑፍ የሚያሳየውን የግርጌ ጽሑፍ አብርቶ፣ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ስክሪንሾት አንሥቶ፣ የተገኘበትን ክፍልና ጸሐፊውን መመዝገብ ይገባል። «ሶማ» ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ጭራቆቹ የማይገድሉበት አማራጭ ስላለው ለዚህ በጣም ይመቻል። የተሰበሰበውን በሦስት ዓምድ መክፈል ያስፈልጋል፦ የታየ፣ የተባለ፣ የተገመተ። የሳንቲሙ ዕጣ «የተባለ» ውስጥ ይገባል፣ ከወንበሩ የመጣው ድምፅ «የታየ» ውስጥ። ከዚያ ቀን ያለባቸውን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። ሁለት ሰነዶች ሲጋጩ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ፤ ማን ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደጻፈው ጠይቁ። በተተረጎመ ስሪት የምትጫወቱ ከሆነ ግን ግጭቱ ከትርጉም ስሕተት የመጣ እንዳይሆን መጀመሪያ ዋናውን ቋንቋ ማየት ግዴታ ነው።

ዕቃን እንደ ምልክት ከማንበብ በፊት ደግሞ ድግግሞሹን መቁጠር ይገባል። አንድ ሥዕል በአሥር ክፍሎች ተሰቅሎ ከታየ ምናልባት ሠሪዎቹ ጊዜ ለመቆጠብ ደጋግመው ተጠቅመውበታል። አንድ ቦታ ብቻ ካለ፣ ብርሃን ከተደረገበት፣ መንገዱም ተጫዋቹን ፊት ለፊቱ ካደረሰው፣ ያኔ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ንባብ የሚበላሽበት ዋናው መንገድ «ሁሉም በጭንቅላቱ ውስጥ ነው» የሚለው ነው። በመጋቢት 2012 «ማስ ኢፌክት 3» ሲወጣ መጨረሻው ያልተዋጠላቸው ብዙ ተጫዋቾች፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሼፐርድ «ሪፐሮች» በተባሉት ግዙፍ ጠላት ማሽኖች አእምሮው ተወስዷል፣ ያየነው መጨረሻ ቅዠት ነው አሉ። ሐሳቡ ባዶ አልነበረም። ሪፐሮች አእምሮ እንደሚቆጣጠሩ ከ2007ቱ የመጀመሪያ ጌም ጀምሮ ተመሥርቷል፤ መጀመሪያ ላይ የሚታየውን ልጅ ከሼፐርድ በቀር የሚያናግረው የለም፤ ልጁ በሕልም ይመላለሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀርበውም አካል የልጁን መልክ ይዟል። እስከዚህ ድረስ መልካም ንባብ ነው። የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው፦ የሚደግፈው ሁሉ ማስረጃ፣ የሚቃረነውም ሁሉ «የቅዠቱ አካል» ሆነ። ምን ቢገኝ ሐሳቡ ስሕተት እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር ካልተቻለ፣ ንባቡ ከጌሙ ጋር ያለውን ገመድ በጥሷል። በሰኔ 2012 በነፃ የተሰጠው ማራዘሚያ ከምርጫው በኋላ ዓለሙ ምን እንደሆነ በሌሎች ሰዎች ድምፅ ጭምር አሳየ፤ ቅዠት ነው ለሚለው ይህ ከባድ ፈተና ነበር።

ሌላው ስሕተት የሕመም ስም መለጠፍ ነው። ገጸ ባሕርዩን በአንድ የምርመራ ቃል ማሰር ትንታኔ ይመስላል፣ ግን ንባቡን ይዘጋዋል። «ሳይመን ሁለት ጊዜ የተነገረውን ነገር ሦስተኛው ጊዜ ሲደርስበት እንደ አዲስ ይደነግጣል» ማለት ከማንኛውም ስያሜ ይበልጥ ያስረዳል።

ስሞችም ያሳስታሉ፣ ይጠቅማሉም። በ2021 የወጣው «ሪተርናል» ፕላኔቷን አትሮፖስ ብሏታል፤ በግሪክ አፈ ታሪክ አትሮፖስ የሕይወትን ክር የምትቆርጠው አምላክ ናት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ የጠፈር ተጓዧ ሴሊን፣ በሞተች ቁጥር መርከቧ ወደተከሰከሰችበት ቦታ ትመለሳለች፤ ክሩ አይቆረጥም። ስሙ ፍንጭ ይሰጣል፣ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው መንገድ ላይ የምታገኘው የራሷ ሬሳ ነው፦ መቅዳቷን የማታስታውሰው የራሷ ድምፅ አብሮት አለ። ከሞት ወደ መነሻ መመለስ በዚህ ዓይነት ጌም የተለመደ ሕግ ቢሆንም፣ እዚህ ግን ሕጉ ራሱ የጸጸት ቅርጽ ይዟል።

«ሲግናሊስ» (2022) ደግሞ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ የሚለውን ግምት ራሱን ይፈትናል። ሦስት መደበኛ መጨረሻዎችና አንድ የተሰወረ አለው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመጣ የሚወሰነው ተጫዋቹ ሳይነገረው እንዴት እንደተጫወተ ታይቶ ነው። ስለዚህ አንዱን መጨረሻ ብቻ አይቶ ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኤልስተርና ስለምትፈልጋት አሪያን የሚጻፍ ትንታኔ ሩብ ማስረጃ ይዞ የሚፈርድ ነው። አራቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በሁሉም ውስጥ የማይለወጠው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ኤልስተር ለአሪያን የገባችው፣ ለመጠበቅ የከበደው ቃል ኪዳን ያለው እዚያ ነው።

ከፋይሎች ተበርብረው የሚወጡ፣ በጌሙ ውስጥ ግን የማይደመጡ ንግግሮችና የተቆረጡ ትዕይንቶች በማስረጃነት አይቆጠሩም። ሠሪዎቹ አስበውት የተዉት ሊሆን ይችላል፣ የተዉትም ስለማይገጥም ሊሆን ይችላል። የሠሪዎች ቃለ መጠይቅም «የተባለ» ዓምድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሐሳባቸው ምን እንደነበረ ያሳያል፣ ጌሙ ውስጥ የተሳካውን ግን መወሰን የሚችለው ጌሙ ነው።